የቀኝ ፓራፋንጎ

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ሊዲያ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተሯን ከፍታ መኪና ስትሠራ ነበር፤ የኮሌጅ ሥራዋ ነው። መኪናውን ከጎን፣ ከፊትና ከላይ የሚያሳዩ ሦስት ሥዕሎች አስቀመጠችና ግራ ጎኑን መስመር በመስመር እየሳበች ጎባጣ አደረገችው።

“ቀኙንስ?” አልኳት።

“እሱ አይሠራም እማማ፣ ይገለበጣል።” አንድ ነገር ነካች፤ ቀኙ ወጣ።

በእኔ ጊዜ ግን አንድ ቀኝ ግማሽ ክረምት ፈጅቶብኛል።

በደርግ ጊዜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ አሰላ አጠገብ በአንድ የመንግሥት እርሻ ጋራዥ ታይፒስት ሆንኩ። ተማሪ ሳለሁ የምወደው የቴክኒክ ንድፍ ነበርና ዓይኔ ከባትላሜራ ክፍሉ አይነሳም ነበር። የክፍሉ አለቃ ጋሽ ከድር ላሜራ ቀጥቅጠው በመዳፋቸው እየዳሰሱ የመኪና አካል ያወጣሉ።

ከጎበሳ ወተት የሚያመጣው መኪና ቀኝ ፓራፋንጎው፣ ከጎማው በላይ ያለው ሽፋን፣ ተጨፍልቆ መጣ። መለዋወጫ የለም፤ በመጋዘኑም የቀረው አንድ ላሜራ ነው። ድፍረቱን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፣ “ከግራው ለክቼ ልንደፈው?” አልኩ።

“ከገጠመ እኛ ጋ ትቀሪያለሽ፤ የእርሻውን አለቃ እኔ አናግራለሁ” አሉ ጋሽ ከድር። “ካልገጠመ ወደ ታይፕሽ። ግን ካርቶኑን መኪናው ላይ ሳትሞክሪ እንዳትሰጪኝ።”

ጎባጣውን በየስንዝሩ ለክቼ ካርቶን ቆረጥኩ፤ ጠርዙ የሚታጠፍበትንም በእርሳስ አሰመርኩ። መኪናው የቆመው ውጭ ጭቃ ላይ ነበር፤ የጭላሎ ዝናብ ደግሞ አላባራ አለ። እንዳይርስብኝ ለካርቶኔ ሳሳሁ።

“ሞከርሽው?”

“አዎ፣ ጋሽ ከድር።”

ላሜራው ተቆርጦ፣ ተቀጥቅጦ፣ ጠርዙ ታጥፎ መኪናው ላይ ሲቀርብ ጠርዙ ወደ ውጭ ሆነ። ካርቶኑን ሳልገለብጥ አስምሬ ሌላ ግራ አሠርቻቸው ኖሯል።

“ምን አለበት፣ ዘመኑ የግራ ነው!” አለ በያጁ ግርማ፤ ወዲያው ማን እንደሰማው ዞር ብሎ አየ።

ጋሽ ከድር አልሳቁም። “ዋሸሽኝ” አሉ፣ ቀስ ብለው።

ቀኑን ሙሉ ታይፕ ስመታ ዋልኩ። በማግስቱ ከመጋዘኑ ጀርባ ባዶ የዘይት በርሚል አየሁና ሄድኩ። “ጋሽ ከድር፣ በርሚሉ ቢሰነጠቅ ላሜራ አይሆንም?”

በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮ እየበሉ ነበር። ጣታቸውን ጠራረጉ። “ኢንታለ ኮ” አሉ፣ በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው፣ “መጀመሪያ ካርቶኑን።”

አዲስ ካርቶን ገልብጬ ዝናቡ ውስጥ መኪናው ላይ ይዤ ቆምኩ። ካርቶኑ እየራሰ ለሰለሰ፤ ጎባጣውን ያዘ። ጋሽ ከድር መጥተው ካፖርታቸውን ከላዬ ዘረጉና ዓይናቸውን ጨፍነው ከጫፍ ጫፍ ዳሰሱት።

“ይሄ ቀኝ ነው” አሉ።

በርሚሉን ስንቀጠቅጥ ሁለት ሳምንት አለፈ። ገጠመ። ከዚያ ወዲያ ታይፕ አልነካሁም። ግድግዳው ላይ የሰቀልነው ትርፍ ግራም የመኪናው የራሱ ግራ ዝጎ ሲያልቅ ቦታውን አገኘ።

“እማማ፣ ልክ ነው?” አለች ሊዲያ።

መነጽሬን አድርጌ ቀረብኩ። መኪናውን አሽከርክሪልኝ አልኳት፤ አሽከረከረችልኝ። የቀኙ ጠርዝ ወደ ውስጥ ታጥፏል።

“ልክ ነው” አልኳት። “ቢሆንም ካርቶን ፈልጊ።”