ከደፉ ወዲያ

የወይዘሮ ሳህሊቱ ሳሎን ሳንቃ ሲነጠፍበት ከመኝታ ቤቱ የአፈር ወለል አራት ጣት ከፍ አለ። ባለካኪ ቁምጣው አናጢ ወደ ታች እያሳሳ የላገውን እንጨት በሁለቱ ክፍሎች መሃል ባለው ደፍ ላይ በምስማር መታው፤ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ በመዳፉ ዳበሰው። ሰው እንዳይደናቀፍ ሲጨነቅ የራሱን ቤት የሚሠራ ይመስላል። ምሳ ሲደርስ ግን እግሩን ታጥቦ ደጅ ቁጢጥ አለ።

«ግባ እንጂ! ራስህ ያነጠፍከው ቤት!» አሉት ወይዘሮ ሳህሊቱ።

«እግሬ ቆሻሻ ነው፣ እሜቴ» አለ አንገቱን ደፍቶ። ውኃው ገና ከተረከዙ ይንጠባጠባል።

አናጢው የሸክላ ሠሪ ልጅ ነው፤ የሸክላ ሠሪ ልጅ ደግሞ ለሥራ ካልሆነ ከሰው ቤት እንደማይገባ፣ በሰው ሳህንም እንደማይበላ ሶዶ ሁሉ ያውቃል። ወይዘሮ ሳህሊቱ ደግመው «ግባ» ሊሉት ሲሉ ዓይናቸው እጃቸው ላይ አረፈና በኀፍረት ተሸማቀቁ፤ ምሳውን ይዘውለት የወጡት በኮባ ቅጠል ነበር።