ውሃው ያልበላው የኢታንግ ግራር

ጋምቤላ፣ ኅዳር፣ ንጋት

ፀሐይ ሳትወጣ ተነሣን። እዚህ አገር ካረፈዱ ሙቀቱ ለመንገደኛ አይራራም። ባሮ ወንዝ ላይ ጭጋጉ ገና አልተገፈፈም።

ፒክአፑን የሚነዳው ኦጁሉ የከተማው ልጅ ነው፤ አኙዋ፣ ነገረኛና ቀልደኛ። እኔ ጎጃም ተወልጄ እዚህ የከረምኩ የደን ባለሙያ ነኝ። ኢታንግ የምንሄደው የሴቶች ማኅበር ለማገዶ የተከለው ግራር ከዘንድሮው ጎርፍ ተርፎ እንደሆነ ለማየት ነው። ከሞተ ቀበሌው መሬቱን ለበቆሎ ሊሰጠው ወስኗል፤ ሴቶቹም ከትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ እናቶች ጋር አንዱን ቁጥቋጦ እየተሻሙ ለማገዶ ግማሽ ቀን መጓዛቸው ይቀጥላል።

«ጋሼ፣ ውሃ የበላውን ለማየት ይህን ሁሉ ነዳጅ?» አለኝ ኦጁሉ። «ንዳ ብቻ» አልኩት።

መንገድ ላይ፣ ረፋድ

ጭቃው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ከመኪናችን የሚበልጥ ሣር፣ ቀንደ ረጃጅም ከብቶች፣ መረብ የተሸከሙ ዓሣ አጥማጆች። አንዲት ሴት ዘንድ ቆመን የተጠበሰ ዓሣ በሚጥሚጣ በላን። ጎርፍ ሲሸሽ ዓሣ ይረክሳል አለችን።

የዚህ አገር አየር ለዛፍ ክፉ ፈተና ነው። በክረምት ባሮ ሜዳውን ውሃ ያለብሰዋል፤ በጋው መልሶ ምድሩን ሸክላ ያደርገዋል። ከመስጠም የተረፈው ችግኝ በጥም ያልቃል። ቀድሞ ሰው የውሃውን ወር ያውቅ ነበር፣ አሁን ግን ውሃው ቀጠሮ አያከብርም። ደግሞ እኛ ደገኞች ዝናብ እንዲይዝ ብለን ጉድጓድ ቆፍረን ነው የምንተክለው። እዚህ ጉድጓዱ መቃብር ሆነና የቀድሞው ተከላ ሁሉ አለቀ።

አምና የማኅበሩ ሊቀመንበር ኛማል፣ የኑዌር ሴት ናት፣ ቤትና በረት የሚሠሩበትን ወግ አስታወሰችን። «ለላም አፈር ከፍ እናደርጋለን። ለዛፍ ለምን አይሆንም?» አለች። የአፈር ጉብታው ሐሳብ የእሷ፣ ሥሩ በውሃ ቢከበብም የሚችለውን ግራር መምረጡ የእኔ ሆነ። ጎርፉ እንደሸሸ፣ ከሥር ያለው እርጥበት ሳይጠፋ ተከልን።

ኢታንግ፣ ቀትር

የአገሩ ሽማግሌዎች፣ የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ኛማልና የማኅበሩ ሴቶች ቀድመውናል። ከዳር ያለው ዛፍ ራቁቱን ቆሟል፤ የጭቃው መስመር ግንዱ ላይ የኛማልን ወገብ ያህላል። ሊቀመንበሩ አንገቱን ነቀነቀ።

ኛማል ሄዳ ቅርፊቱን በጥፍሯ ፋቀችው፤ ውስጡ አረንጓዴ፣ ሕያው ነው። ከዚያ ወደ ተከላው ውስጥ መራችን። ከመስመሩ በላይ በየቅርንጫፉ ለምለም ቅጠል! ጉብታ በጉብታ ዞርን፤ የሞተ አለ፣ የበዛው ግን ቆሟል። ሊቀመንበሩ ቅጠል ቀንጥሶ አሸተተና «መሬቱ የእናንተ ነው» አለ።

እልልታው ከባሮ ማዶ ሳይሰማ አልቀረም። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ይደረግ፣ ደስታ ነው።

መልስ፣ ወደ ማታ

ኦጁሉ ወንበሩ ሥር ችግኝ ሸሽጎ ሲነዳ ያዝኩት። ከኛማል ለምኖ ነው። የት ሊተክለው እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ቆይ ጋሼ» አለኝ፣ «መጀመሪያ አፈር ልከምር።»