በሁዳዴ ያገኘነው የዓሣ መንጋ

ታላቅ ወንድሜ ዛሬ ሳቀ። ባለቤቱን ከቀበርን ወዲህ ሲስቅ የሰማሁት ገና ዛሬ ነው።

ክረምቱን ሙሉ ላንድማርክ በሚባለው ሰፈር ካለው አፓርታማው አልወጣም ብሎ ነበር። ዛሬ ጠዋት ከምኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ነድቼ ሄድኩና ዓሣ እናጥምድ ብዬ በግድ ወደ ሐይቅ ወሰድኩት።

በጸደይ መግቢያ ክራፒ የሚባለው ዓሣ በሰጠመ ዛፍ ዙሪያ ተጠጋግቶ ይቆማል። ምግቡን ከበላዩ እንጂ ከሥሩ አይፈልግም። ወንድሜ ግን መንጠቆውን ጭቃው ውስጥ ይከተዋል።

«ጋሼ፣ ከፍ አድርገው እንጂ!»

«አንቺ ዛሬም የክፍል አለቃ ነሽ?» አለኝ።

እያጉረመረመ ከፍ ሲያደርገው ወዲያው ያዘለት። ከዚያ ሌላ፣ ደግሞ ሌላ። ለካስ ከሥራችን መንጋው ጢም ብሏል።

ሁዳዴ ስለሆነ ሁሉንም መልሰን ለቀቅናቸው። (በጾም ዓሣ ይበላል የምትሉ፣ ክርክሩን ለሌላ ቀን አቆዩልኝ።)

«ጾመኞች መሆናችንን ሰምተው ነው እንዲህ የተሰለፉት» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅም አለቀሰ። ጠጋ ብዬ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ቆይቶ «ከፋሲካ በኋላ እንመለስ» አለኝ።

«ያኔማ ተበታትነው ነው የምናገኛቸው።»

«እንፈልጋቸዋለና!»

ሐዘን ቤት ውስጥ የዘጋበትን ሰው እናንተ በምን አወጣችሁት? ጻፉልኝ፣ አነባለሁ።