ለያርሚላ ጠፍር ስል የሄድኩት መንገድ

ከአራዳ የወጣሁት ለአንድ ጥንድ ጠፍር ስል ነው። ኮርቻ ሰፊ ነኝ፤ ሱቄ ከጊዮርጊስ በታች ናት። ጎረቤቴ ሰዓት ሠሪው፣ ሙሴ ያን የምንለው፣ የቼክ አገር ሰው ነው። እህቱ ያርሚላ እዚያ አገራቸው ሁለት ረጃጅም ሳንቃ ከእግሯ ጋር በጠፍር አስራ፣ የበረዶ ተራራ ቁልቁል እየተንሸራተተች የምትወዳደር ናት። ዓምና ውድድሩ መሐል ላይ ጠፍሯ ተበጥሶ እግሯ ተሰበረ። ሐኪሙ ዳግመኛ ከተሰበረ መራመድም የለም ብሏታል። እሷ ግን "ተሸክመው ያወረዱኝን ተራራ አንድ ጊዜ ቆሜ ልውረድና ልተወው" አለች።

ሙሴ ያን "ሰይድ፣ ያንተ ጠፍር በቅሎዬ ላይ ተበጥሶ አያውቅም" አለኝ። ሠራሁላት። እኛ ዘንድ ግን ነፍስ የሚይዝ ጠፍር መጀመሪያ የሚያስረው የሠራው ሰው ነው። ይህን ስነግረው መሳፈሪያዬን ቻለ። ባለቤቴ ዘይነባ "ሰው ለሐጅ ይሄዳል፣ አንተ ለጠፍር" ብላ ሳቀችብኝ፤ ስንቄን ግን አሳምራ ቋጠረች።

በባቡርና በመርከብ

ከለገሃር ተነስተን አዋሽ አደርን። ድሬዳዋ በአንድ መሐለቅ እቅፍ ሙሉ ብርቱካን ገዛሁ፤ ከጅቡቲ ወዲያ ባሕሩ አንጀቴን ሲገለብጠው ያተረፈኝ እሱ ነው። ማርሴይ ወርጄ እንደገና ባቡር ያዝኩ። አንድ ቀን ጠዋት ምድሩ፣ ጣሪያው፣ አጥሩ ሁሉ ነጭ ሆኖ አየሁት። የእንጦጦን ብርድ አውቃለሁ ብዬ ንቄው ነበር፤ አጉል ንቀት ነው።

ተራራው ሥር

ያርሚላ ቀጭን፣ ጥቂት የምታነክስ ልጅ ናት። ድንችና ጎመን አበላችኝ፤ ሥጋውን እንደማልበላ ወንድሟ ጽፎላታል። በአራዳ ሱቆች በለቃቀምኳት ፈረንሳይኛ ተግባባን።

በውድድሩ ጠዋት ጠፍሮቹን ሳወጣ ክው አልኩ። እንጨት ሆነዋል። እንደ ልማዳችን ቅቤ አጠጥቻቸው ነበር። አራዳ ላይ ቅቤ ቆዳ ያለሰልሳል፤ እዚያ ረግቶ አደረቀው። እንዲህ እንዳለ ባጥፈው ይሰነጠቃል።

"ምን ሆነ?" አለች።

እውነቱን ነገርኳት። "መውረዱ ይቅር ካልሽም አልቀየምም።"

"ቢሞቅ ይለሰልሳል?"

"ይለሰልሳል።"

"እንግዲያው አሙቀው።"

እሳት ቆዳ ያኮማትራል። ስለዚህ ጠፍሮቹን ከሸሚዜ ሥር ሆዴ ላይ ጠመጠምኩ፤ ጋቢዬን ደርቤ አብሬያት ወጣሁ። ሰዉ እያየኝ ይስቃል። ተራዋ ሲደርስ ተንበርክኬ፣ ቢስሚላህ ብዬ አሰርኩላት።

"ሳይቀዘቅዝ ድረሺ" አልኳት።

ወረደች። ጫካው ሸፈናት። የሠራሁትን ሁሉ ረገምኩ፤ ቅቤውንም እጄንም። ከዚያ ከጫካው በታች ብቅ አለች፣ ታች ደረሰች፣ ሁለት እጇን አነሳች። በረዶው ላይ ቁጭ ብዬ አልሐምዱሊላህ እያልኩ አለቀስኩ። የቀደሟት ብዙ ናቸው፤ ማን ጉዳዬ ብሎ።

ቤት

ሙሴ ያን ለገሃር ጠበቀኝ። ስንተኛ ወጣች አላለኝም።

"ቆማ ደረሰች?"

"ቆማ ደረሰች። በገዛ እጇ ፈትታ፣ በቃኝ ብላ ላከችልህ።"

ጠፍሮቹን ሰጠሁት። አሸተታቸው፤ እምባው እየወረደ "አሁንም ቅቤ ቅቤ ይላል" አለ።

ዛሬ ዕቃ ሊያሠራ የሚመጣውን ሁሉ መጀመሪያ አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ፦ አገሩ ይበርዳል ወይ? ያርሚላም በሁለት እግሯ ትሄዳለች።