እንግዳ ፊት እንዳያሳፍር የተጠረገ ቤተ መጻሕፍት

ሆሳዕና ያለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለእህቴ የሥራ ቦታዋ ነበር ብል አላጋነንኩም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የምታሳድገው በልብስ ስፌት ነው። ሙሽሮች ስልካቸውን ከፍተው «እንዲህ ያለ ቀሚስ» ይሏታል፤ እሷ ደግሞ እዚያ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣ አቆራረጡን ከቪዲዮ ታጠናለች። በስልኳ ዳታ ልየው ብትል ትርፏን ይበላባታል። እኔም ተመርቄ ሥራ ያጣሁ ነኝና ከጎኗ ሆኜ ማመልከቻ እልክ ነበር። ቦታ ለማግኘት በጠዋት መጋፋት ነበረብን።

አንድ ሰኞ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ በር ላይ ጠበቁን። ቤቱ ይቀጥል ወይስ ለሱቅ ይከራይ የሚለውን የሚወስኑ የከተማው ኃላፊዎች ሊመጡ ነው። ወለሉ ተወልውሏል፤ ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ አበባ ተቀምጧል።

«ለዛሬ ብቻ ውጡልኝ ልጆቼ» አሉን። «እንግዳ መጥቶ ይሄን ግርግር ማየት የለበትም።»

እኛ ዘንድ ትልቅ እንግዳ ሲመጣ ልጆች ወደ ጓሮ ይባረራሉ፤ ያደግንበት ነው። ስለዚህ ማንም አልተከራከረም።

ከመንገዱ ማዶ ተኮልኩለን እንግዶቹን አየናቸው። ገቡ፣ ዞር ዞር አሉ፣ ወጡ። አንደኛው «ንጹሕ ነው፤ ግን ሰው የለውም» ሲል እዚያ ድረስ ተሰማን። ኃላፊው ጎንበስ ብለው ሸኟቸው። ተጠቃሚው ሁሉ እዚያው ቆሞ ነበር፤ ተሻግረን የቤተ መጻሕፍቱን ኃላፊ እንዳናሳፍር ብለን ከማዶ ቀረን። ይሉኝታችን አንገበገበኝ፤ ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል።

ውሳኔው አልዘገየም። መጻሕፍቱና ኮምፒውተሮቹ መጋዘን ገቡ፤ ክፍሎቹ ለሱቅ ተከራዩ። ከተማው ኪራይ አገኘ። እዚያ ገብቶ እንጀራውን ያገኝ የነበረውን ሰው ግን ማንም ከገቢ አልቆጠረውም።

በዚያው ሰሞን አንዲት ሙሽራ ከዳምቦያ ድረስ ጨርቅ ይዛ መጣች። ያሳየቻት ቀሚስ ጀርባው እህቴ ሠርታው የማታውቀው ዓይነት ነው። እህቴ ጨርቁን ዘርግታ፣ መቀሱን አንስታ ብዙ ቆየች። ከዚያ አጥፋ መለሰችላት።

«ይቅርታ የኔ እህት፣ ሌላ ሰፊ ፈልጊ።»

«እትዬ፣ እሷን ያቅታታል የሚባል ነገር የለም ብለውኝ እኮ ነው የመጣሁት!»

ልጅቷ ከሄደች በኋላ እህቴ ማሽኗን ሸፈነችው።

«እኔም እንደሱ ይመስለኝ ነበር» አለችኝ።