ቢጫ ፊቴን ይዤ የዘመርኩበት እሁድ

ቴፒ ውስጥ እርድ በሚሰጣበት ሰሞን በእኛ ሰፈር ጣቱ ቢጫ ያልሆነ ሰው አይገኝም። እናቴ ትቀቅልና ግቢያችን ውስጥ ሸራ ላይ ታሰጣለች፤ እኔ አገላብጣለሁ። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ካቆምኩ ወዲህ ሥራዬ ይኸው ነው። ቡና ሲደርስ ደግሞ ለቀማ እወጣለሁ።

ለቀማው ሊያልቅ ሲል አባጨጓሬ ይሁን ቅጠል እንጃ፣ አንድ ነገር ነክቶኝ ፊቴ እስከ አንገቴ ቀላና አበጠ። ያሳክከኛል፣ ያቃጥለኛል፤ እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ኳየር ውስጥ ሁልጊዜ ከረጃጅሞቹ ጀርባ ነው የምቆመው። ለሚመጣው እሁድ ግን መሪያችን «መዝሙሩን ብቻሽን የምታወጪው አንቺ ነሽ» ብላኝ ነበር። ጉባኤ ፊት ይቅርና፣ ባለሱቁ «ምን ልስጥሽ?» ሲለኝ እንኳ ድምፄ ይጠፋል። በዚህ ፊት ማን ዘምሪ ይለኛል ብዬ ተጽናናሁ።

እናቴ እርጥብ እርድ ወቅጣ መጣች። የጓሮ ክፍላችንን የተከራየችው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አየቻት።

«ማዘር፣ ፊቷን ሙሉ ሊቀቧት ነው እንዴ?»

«ታዲያስ! እናንተስ እርድ ይበጃል ብላችሁ አይደል የምትማሩት?»

«እኛ የተማርነው ላብራቶሪ ውስጥ ሳህን ላይ ስላደገ የሰው ቆዳ ሴል ነው። ሲቆጣ፣ እርድ ውስጥ ያለው ቢጫው ነገር ያበርደዋል። ሳህንና ፊት ግን አንድ አይደለም።»

«የሰው ቆዳ ሳህን ላይ? በኢየሱስ ስም! ባለቤቱስ ያለ ቆዳ ሄደ?»

«ትንሽ ተወስዶ ነው የሚያድገው» አለች ሳቋ እያመለጣት። «መጀመሪያ ክንዷ ላይ ትንሽ ቀብተን እንየው።»

እናቴ እያጉረመረመች ክንዴን ቀባችኝ። እንዲያብጥ ተመኘሁ። በማግስቱ ክንዴ ቢጫ ከመሆን በቀር ምንም አልሆነም፤ ፊቴም ተቀባ።

ቅዳሜ እብጠቱ ጠፋ። ተማሪዋን «እርዱ ነው ያዳነኝ ወይስ በራሱ ነው የሄደው?» ብዬ ስጠይቃት «እሱን ማወቅ አልችልም» አለች። እናቴ ግን አውቃ ጨርሳለች። ቢጫው በሳሙናም በሎሚም አልለቅ አለ። መስታወት አየሁና የመቅረት ተስፋዬ እንደገና ተመለሰ።

«እንዲህ ሆኜ አልወጣም» አልኩ።

«የሚያዩሽ እርድ ሸጠው የሚበሉ ሰዎች ናቸው» አለች እናቴ፤ የኳየር ልብሴንም እጄ ላይ አስቀመጠች።

እሁድ ፊት ለፊት ቆምኩ። ልጆቹ «የበሰለ ሙዝ!» እየተባባሉ ተንሾካሾኩ። የፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ አሮጊት ወደ ጎረቤታቸው ዘንበል አሉ።

«ምን ተቀብታ ነው?»

«እርድ።»

«አቤት ቢጫነቱ! የማን ማሳ ይሆን?»

ሰው ሁሉ የሚያየው እርዱን ነበር፤ እኔን ማንም አላየኝም። ከረጃጅሞቹ ጀርባ እንደምቆመው ሁሉ ከእርዱ ጀርባ ቆሜ አፌን ከፈትኩ። ድምፄ ወጣ። መዝሙሩ መሐል ስደርስ አሮጊቷም ስለ ማሳው መጠየቃቸውን ተዉ፤ እኔም መደበቄን ረሳሁት።