ውሃ ወደ ውሃ የተሸከምኩበት በጋ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ማርታ ከዋና ስትመለስ ገና በሩን ሳታልፍ ሽታዋ ቀደማት። በረኪና በረኪና ትላለች። ቦርሳዋን ወርውራ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ፀጉሯን ልታበጥር ስትሞክር ሚዶው መሐል ላይ ተሰክቶ ቀረ። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ለቅሶ አይቸግራትም። «ሁለተኛ አልዋኝም! ፀጉሬ ጭድ ሆኗል!» ብላ እዬዬውን አቀለጠችው። እንደ እናት ማጽናናት ሲገባኝ እኔን ሳቅ አፈነኝ። ጥግ ላይ ነጠላዋን ደርባ የተቀመጠችው እናቴ ግን አልሳቀችም። «ዝም ብለሽ ከምትገለፍጪ የጋኑን ነገር ንገሪያት» አለችኝ።

ለማርታ ያልኳትን ለእናንተም ልበላችሁ።

ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። እናቴ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ጠላ እየጠመቀች ብቻዋን ታሳድገኝ ነበር። ከጥምቀት በኋላ ባለው በጋ፣ የስፖርት መምህራችን ጋሼ ደመላሽ ባሕር ዳር ለሚደረግ የተማሪዎች ውድድር አራት ሴት ዋናተኞች ሊመርጡ ነው ተባለ። ልምምዱ ከተማችን ውስጥ ገንዳ ባለው ሆቴል ነው። አሁን ዋና የሚያውቅ ማን አለ? ማርቆስ እኮ ብርድ ነው! የጮቄ ተራራ ንፋስ የመጣ ቀን ሰው ፊቱን ለመታጠብ እንኳ ያስብበታል። እኔም የሄድኩት ዕድሌን ልሞክር ሳይሆን ከክፍል ለመቅረት ነበር፤ ይህን ለማርታ አልነገርኳትም።

የመጀመሪያው ቀን ቅዝቃዜው አጥንቴ ድረስ ገባ። ሳምንት ሳይሞላ ግን ከውሃው የሚያወጣኝ ጠፋ። እውነቱን ለመናገር በሌላ ነገር ጎበዝ አልነበርኩም። በሒሳብ ከኋላ፣ በሩጫም ከኋላ። ውሃ ውስጥ ስገባ ግን ሰው የሆንኩ መሰለኝ። ከአራቱ አንዷ ካልሆንኩ እሞታለሁ አልኩ፤ በዚያ ዕድሜ ሞት ቀላል ነው።

እናቴን ለማስፈቀድ ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

«ገንዳ? ገንዳ ውስጥ የምትገቢው ምን ሆነሽ ነው? ገንዳ የከብት ነው!»

«የመዋኛ ገንዳ ነው እማዬ።»

«ይሁና! ያን ፀጉር በረኪና ውስጥ ልትዘፈዝፊው ነዋ።»

ስለ ፀጉር መናገር አለብኝ። እናቴ እኔ ሳልወለድ ወንድሟ ሲሞትባት ለሀዘኑ ፀጉሯን ተላጭታ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው አልበቀለላትም። ሻሽ ከራሷ አይወርድም። ስለ አጎቴ «በድንገት ሞተ» ከማለት በቀር ተናግራ አታውቅም፤ እኔም ጠይቄያት አላውቅም። እናም የቤቱ ፀጉር የኔ ብቻ ነበር። ጥቅልል ያለ፣ ሲስቡት ወገብ የሚደርስ፣ ሲለቁት ትከሻ ላይ የሚሰበሰብ። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ጉልበቷ ሥር ታስቀምጠኝና ስትጎነጉነኝ ታረፍዳለች።

በመጨረሻ «እሺ፣ ግቢ» አለች። «ግን አንዲት ዘለላ ተበጥሳ ባይ፣ ያኔ ገንዳው ቀረ።»

እኔም ፀጉሬን ላድን ተነሳሁ። አማካሪዬ ብርቄ ነበረች፣ ከሮብ ገበያ ከተማ የመጣች፣ ክፍል ውስጥ ከጎኔ የምትቀመጥ። ቅቤ የማያድነው ነገር የለም ብላ ታምናለች። «ዳክዬ የማትርሰው ለምን ይመስልሻል? ቅባት ስላላት ነው» አለችኝ። አሳማኝ ነበር። አንድ ቅል የሚያህል ለጋ ቅቤ ራሴ ላይ ለጥፋ፣ በላዩ ፌስታል አሰረችልኝ። ሦስተኛውን ዙር ሳልጨርስ ፌስታሉ ተፈታ። ያ ቅቤ በዚያ ብርድ ሊቀልጥ ነው? እንደ ረጋ ወጣና ገንዳው ላይ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ተንሳፈፈ። ጋሼ ደመላሽ ፊሽካቸውን ነፉ።

«ማናት ገንዳውን ወጥ ያደረገችው? ኧረ ሽንኩርት ብቻ ነው የቀረው!»

ሁሉም ወጡ። እኔ ከሆቴሉ ወጥ ቤት ወንፊት ተሰጥቶኝ ከሰዓት በሙሉ ቅቤ ስለቅም ዋልኩ። በማግስቱ በሩ ላይ «ቅቤ ተቀብቶ መዋኘት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ስሜ አልተጻፈም እንጂ ከተማው ማን እንደሆነች ያውቃል።

ቅቤው ሲቀር ፀጉሬ ከበረኪናው ጋር ብቻውን ቀረ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ደረቀ፣ ተቋጠረ፣ ወዙ ጠፋ። እሁድ እናቴ ሚዶውን ስትሰድበት ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የተበጣጠሰውን መዳፏ ላይ አድርጋ ከፊቴ ዘረጋችው።

«ይኸው። ተነጋግረናል።»

ምርጫው የሚቀጥለው ቅዳሜ ነበር። ለመንኩ፣ አለቀስኩ፣ እራት አልበላም አልኩ። ወይ ፍንክች! የዚያን ቀን እናቴን ጠላኋት። አሁን ብናገረው ምን አለ፣ ከልቤ ነው የጠላኋት። ለፀጉር! የሷ ስላልበቀለ የኔን እንደ ንብረት ትቆጥራለች አልኩ በሆዴ።

ሰኞ ከትምህርት በኋላ ጋሼ ደመላሽን ልሰናበት ሄድኩ። አዘኑ። «በይ እንግዲህ ለመጨረሻ ጊዜ ዋኝተሽ ሂጂ» አሉኝ። ገባሁ። እስከዚያ ቀን ሳላርፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ደርሼ አላውቅም ነበር፤ የዚያን ቀን ደረስኩ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ በዚያኛው ጫፍ እየሳቅኩ ወጣሁ። ወደ ቤት ስመለስ ግን መንገድ ዳር ከምትሸጠው ሴትዮ ትኩስ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ገዝቼ እያለቀስኩ በላሁ። እንባው የሚጥሚጣው ነው ብዬ ነበር ሰው ቢጠይቀኝ ልመልስ ያሰብኩት።

እናቴ ቤት ውስጥ ናት፤ የውጭ ነጠላዋን ግን ገና አላወለቀችም። «ነይ እስቲ» ብላ ወደ ጓዳ ወሰደችኝ። አዲስ የገዛችው ጋን ውሃ እንደ ሞላ ቆሟል።

«ይኸ ጋን ውሃ ከያዘ ስንት ቀኑ ነው?»

«ሦስት።»

«ለምን ሞላሁት?»

«እኔ እንጃ። እንዲታጠብ?»

«ሞኝ! አዲስ ጋን ጥማተኛ ነው። ደረቁን ጠላ ባደርግበት ጠላዬን ሲጠጣ ያድራል። መጀመሪያ ንጹሕ ውሃ አጠግበዋለሁ። ከጠገበ ወዲያ የሌላ አይመኝም።» ፀጉሬን ያዝ አደረገች። «ይኸም ደረቁን እየገባ ነው በረኪናውን የሚጠጣው። ከመግባትሽ በፊት አሟሺው።»

«ልሂድ ማለት ነው?» አልኳት።

«አሟሺው አልኩሽ እኮ!»

የሆቴሉ ቧንቧ አንድ ቀን ከመጣ ሁለት ቀን ይጠፋል። ስለዚህ በአምስት ሊትር ጀሪካን ከቤቴ ውሃ እየተሸከምኩ ወደ ገንዳው መሄድ ጀመርኩ። ዘበኛው መሳቂያ አደረገኝ። «ጎሽ የኔ ልጅ፣ ውሃው ጎድሎብን ነበር!» ይለኛል በየቀኑ። ይሳቅ። ፀጉሬን ከሥሩ እስከ ጫፉ በንጹሕ ውሃ አርሰዋለሁ፤ ተዘፍዝፎ ያደረ የተልባ ዝልግልግ በጣቴ አዳርስበታለሁ፤ ጠበቅ አድርጌ ጎንጉኜ ጋሼ ደመላሽ ያዋሱኝን የላስቲክ ቆብ እደፋበታለሁ። ስወጣ ደግሞ ሳልውል ሳላድር እዚያው በቀረው ውሃ አለቀልቀዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ሌሎቹ ሴቶችም ጀሪካን ይዘው መጡ። ዘበኛው ያን ቀን አልሳቀም።

ቅዳሜ ተወዳደርን። ከተመረጡት አራቱ የመጨረሻዋ እኔ ነበርኩ፤ ብቻ ገባሁ! እሁድ እናቴ ጉልበቷ ሥር አስቀምጣኝ ሚዶውን ሰደደችው። ዓይኔን ጨፈንኩ። ሚዶው ከሥር ተነስቶ እስከ ጫፍ ሄደ። «እሰይ» አለችና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ለፀጉሬ የተነፈሰችው ነበር የመሰለኝ።

ይህን ሁሉ ስነግራት ማርታ እንባዋን ረስታ ወደ አያቷ ዞረች። «እማማ፣ እርስዎ ግን ለተበጠሰ ፀጉር ብለው ነው ያን ያህል የከለከሏት?»

እናቴ ሻሿን አስተካከለች። «ለፀጉርማ አልነበረም» አለች።

ደነገጥኩ። በዚህ ሁሉ ዓመት ይህን ስትል የመጀመሪያዋ ነው።

«ወንድሜን የወሰደው የጨሞጋ ወንዝ ነው» አለች። «ክረምት ነበር፣ ሞልቶ። እሻገራለሁ ብሎ ሲገባ አይቻለሁ። ሲወጣ አላየሁም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም እማዬ?»

«ምን ብዬ? ልጄ ትሰምጣለች ብዬ በገዛ አፌ ላሟርት? የፈሩት ይደርሳል። ስለዚህ ፀጉር አልኩ። ፀጉር ክፉ ቢጠሩበት ምን ይሆናል? መልሶ ይበቅላል።»

«ጋኑንስ ለምን አሳየሽኝ?»

«ያን ሰኞ ጆሮሽን ይዤ ላወጣሽ መጥቼ አልነበር! በአጥሩ ቀዳዳ አየሁሽ። ስትገቢ ትንፋሼ ቆመ። ቆሜ ጠበቅሁ። ከዚያ በወዲያኛው ጫፍ እየሳቅሽ ወጣሽ።» ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ወጣሽ እኮ።»

ያቺ ያልወለቀች የውጭ ነጠላ ትዝ አለችኝ። «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸ ነው! የጨሞጋን ዕዳ በኔ ፀጉር ለጠፍሽው» ብዬ ልቀልድ ሞከርኩ። ያን እሁድ የጠላኋት ነገር ሲቆጠቁጠኝ ኖሯል። ለካ ለፀጉር አልነበረም! እፎይ አልኩ፤ ዘግይቶም ቢሆን እፎይ ማለት ደስ ይላል።

ነገ ቅዳሜ ነው። ማርታ ጀሪካኗን ሞልታ ከበሩ ሥር አስቀምጣለች። ከጀሪካኑ አጠገብ ደግሞ የእናቴ የውጭ ጫማ ተደርድሯል። «አንቺ ደግሞ በዚህ ብርድ ምን ልታደርጊ ነው?» ብላት፣

«ስትወጣ ላያት ነዋ» አለችኝ።